የመንገዱን ፕላን የጠየቅንበት ክረምት

ግንባችን ላይ ቀይ ቀለም የተቀባው እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። ስመለስ አባቴ ከዝናቡ መሸሹን ረስቶ ግንቡ ፊት ቆሟል። የመስቀል ምልክት፣ ከሥሩ ደግሞ አንድ ቁጥር። የቀቡት ሰዎች ከማዘጋጃ ቤት እንደመጡ ነግረውታል እንጂ ለምን እንደቀቡ አልነገሩትም።

"መንገዱ ሊሰፋ ነው አሉ" አለኝ። "ቤቱ መሄዱ ነው።"

ቤታችን ነቀምቴ ውስጥ፣ ወደ አርጆ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አባቴ በወጣትነቱ ከጎጃም መጥቶ ቡና ሲነግድ የሠራው ቤት ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ የምንኖረው እሱና እኔ ብቻ ነን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ መቀመጥ አቃተው። ከባድ መኪና ፍሬን በያዘ ቁጥር ተነሥቶ በሩ ላይ ይቆማል። ጣሪያው ያፈስስ ስለነበር ሠራተኛ ልጥራ ስለው፣ "ለሚፈርስ ቤት ማን ቆርቆሮ ይገዛል?" ይለኛል። የግድግዳውን ፎቶዎች አውርዶ በማዳበሪያ ከረጢት ቋጠራቸው፤ በማግሥቱ ፈትቶ መልሶ ሰቀላቸው። እኔም ከሱ የባስኩ እንጂ የተሻልኩ አልነበርኩም። ክፍል ገብቼ አማርኛ ሳስተምር ዓረፍተ ነገሩን መሐል ላይ ጥዬ በመስኮት ወደ ሰፈራችን አቅጣጫ አያለሁ።

ማዘጋጃ ቤት ሄጄ የመንገዱን ፕላን ልይ ብዬ ጠየቅሁ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ሴት፣ "ፕላን ለግለሰብ አይሰጥም" አለችኝ። ኃላፊውን ላነጋግር ስል ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። "ቦሩ ኮታ" አለችኝ በኦሮምኛ፣ ነገ ይምጡ ማለቷ ነው። በነገታው ሄድኩ፤ ስብሰባው አላለቀም። በሌላኛውም ቀን እንዲሁ።

ከመንገዱ ማዶ፣ ከደጃችን ትይዩ፣ አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ይኖራሉ። ሰፈሩ ሁሉ "ባርሲሳ" ይላቸዋል፣ መምህር እንደማለት ነው። አንድ ቀን ከማዘጋጃ ቤት ተበሳጭቼ ስመለስ አይተውኝ ጠሩኝ።

"ኢንተላ ኮ፣ በቃል ነው የጠየቅሽው?" አሉኝ። ልጄ ብለው ነው የሚጠሩኝ።

"አዎ።"

"በጽሑፍ ጠይቂ። የመረጃ ነፃነት አዋጅ የሚባል አለ። መሥሪያ ቤቱ በአንድ ወር ውስጥ ወይ ይሰጥሻል፣ ወይ የከለከለበትን ምክንያት ይነግርሻል።"

ደብዳቤው በኦሮምኛ መጻፍ ነበረበት። እኔ ቋንቋውን ከልጅነቴ ጀምሮ ገበያ እከራከርበታለሁ፣ እስቅበታለሁ፤ የተማርኩት ግን በአማርኛ ስለሆነ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ስጽፍ እጄ ይሰንፋል። እሳቸው ጻፉልኝ፣ ጮክ ብለውም አነበቡልኝ።

"ለምን እንደፈለግሁት አልተጻፈም እኮ" አልኳቸው።

"አዋጁ ምክንያት አይጠይቅም። አንቺም አትስጪ።"

የማዘጋጃ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። "ጋዜጠኛ ነሽ?" አለኝ።

"አይደለሁም። መንገዱ ዳር የምኖር ነኝ።"

"ታዲያ ምን ልታደርጊበት ነው?"

የአባቴን ነገር፣ የጣሪያውን፣ የፎቶዎቹን፣ ሁሉንም ልዘረግፍለት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የባርሲሳ ምክር ትዝ ብሎኝ ዋጥኩት። ጥቂት ተመለከተኝና በቅጂዬ ላይ የተቀባይ ማህተም መታልኝ።

ወሩ አልገፋ አለ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ከማዘጋጃ ቤት ይመስለኛል። ወሩ አልቆም መልስ አልመጣም። በዚያው ሰሞን ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴን መሰላል ላይ አገኘሁት። የበረንዳውን ቆርቆሮ እየነቀለ ወደ ግቢው ይወረውራል። ግማሹ ተነቅሎ ዝናቡ ሳሎን ድረስ ገብቷል።

"አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?"

"እነሱ ከሚያፈርሱት እኔ ላፍርሰው። እንጨቱ እንኳ ይተርፋል።"

መሰላሉን ይዤ ለመንኩት። አልሰማኝም። ባርሲሳ ድምፁን ሰምተው ጃንጥላ እንኳ ሳይዙ መንገዱን ተሻግረው መጡ። ተቆጥተው አልተናገሩትም። ቀና ብለው በአክብሮት፣ "ኦቦ፣ ባይፈርስስ?" ብቻ አሉት።

አባቴ መዶሻውን እንደያዘ እጁ ቆመ። ቀስ ብሎ ወርዶ የመሰላሉ የመጨረሻ እርከን ላይ ተቀመጠ።

በዚያኑ ቀን ባርሲሳ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ የሚቀርብ አቤቱታ ጻፉልኝ። ሳምንት ሳይሞላ ተደወለልኝ። አንድ ባለሙያ ትልቅ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ጠበቀኝ።

"የእናንተ ግንብ ይሄ ነው" አለኝ በእስክሪብቶ እያሳየ። "ቀለሙ የልኬት ምልክት ነው። ቀያሾች የማይነቃነቅ ግንብ ሲያገኙ ይቀቡታል። ቤታችሁ አይነካም፤ መንገዱ የሚሰፋው በማዶ በኩል ነው።"

እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ከዚያ በማዶ በኩል ያለውን አየሁ። የባርሲሳ ቤት፣ ከነጓሮው፣ በሁለቱ መስመሮች መካከል ነበር።

"የዚህ ቤት ሰዎች ያውቃሉ?" አልኩት።

"ጊዜው ሲደርስ ይነገራቸዋል።"

የፕላኑን ቅጂ ተቀብዬ በፕላስቲክ ጠቅልዬ ወጣሁ። ባጃጅ አልያዝኩም። የሰፈራችንን መታጠፊያ አልፌ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ አለፍኩ። ቤት ገብቼ ለአባቴ ስነግረው ፊቱ ፈካ፤ ወዲያው ጠቆረ።

"ዛሬውኑ ንገሪያቸው" አለኝ። "ሰው በገዛ ቤቱ ላይ የተቆረጠውን ሊያፈርስ ከመጣ መኪና መስማት የለበትም።"

ባርሲሳ መነጽራቸውን አድርገው ፕላኑን ብዙ ጊዜ አዩት። በጣታቸው መስመሩን ተከተሉት። "የውኃ ጉድጓዱም ሄዷል" አሉ። ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው ምን መጣ ብለው ጠየቁ። እኔ የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኝ ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር ባርሲሳ አቋረጡኝ።

"አንቺ አልሳልሽው" አሉኝ። ከዚያም ወንበር ሳቡልኝ። "ተቀመጪ። አሁን ደግሞ የምትክ ቦታውን ውሳኔ ነው የምንጠይቀው። በስሜ ጻፊ፣ እኔ እናገራለሁ። ዛሬ እጄ አይታዘዝልኝም።"

እየጻፍኩ ሳለ አባቴ ገባና ከጎናቸው ተቀመጠ።

የዚያኛው ጥያቄ መልስ ቶሎ መጣ፤ ምትክ ቦታው ከከተማው ወጣ ብሎ ተዳፋት ላይ ነው። መንገዱ ግን እስከዛሬ አልተጀመረም። በጀት የለም የሚል አለ፣ ፕላኑ ሊሻሻል ነው የሚልም አለ። ስለዚህ ቤታችን አይነካም የሚል ማህተም ያለው ወረቀት እያለኝም መኪና ደጃችን ሲቆም ከመቀመጫዬ እነሣለሁ። ባርሲሳ አልጠበቁም፤ ተዳፋቱ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ጀምረዋል። አባቴ ጠዋት ጠዋት በባጃጅ እየሄደ አብሯቸው ይውላል፤ ሲመለስ ጭቃውን ከጫማው እያራገፈ ሥራው የት እንደደረሰ ይነግረኛል። ትናንት መስኮት ገጥመዋል።