ዘጠኝ ሺህ የተጻፈበት ፍራሽ

በወንድሜ ሱቅ የዋጋ ወረቀት የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ከዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ በአካውንቲንግ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሥራ ሳጣ፣ ታላቅ ወንድሜ «እስክታገኚ እኔ ጋ ቁጭ በይ» አለኝና ገባሁ። ሱቁ አራዳ ገበያ አጠገብ ነው። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ አልጋ ልብስ፣ የፕላስቲክ ወንበር እንሸጣለን። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ስለሚባል ካርቶን እየቆረጥኩ ዋጋውን በወፍራም ማርከር እጽፍና በየዕቃው ላይ እሰካዋለሁ።

የምጽፈው ቫት ያልተጨመረበትን ዋጋ ነው። ወንድሜ ገና ሲያስጀምረኝ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚጽፈው፤ እኛ ብቻ ጨምረን ብንጽፍ ሰው ከበር ይመለሳል» ብሎኝ ነበር። አሥራ አምስት በመቶው የሚነገረው ሒሳብ ሲከፈል ነው። ከካሽ ማሽኑ ጀርባ ግድግዳው ላይ «ዋጋችን ቫትን አይጨምርም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ እሱንም የጻፍኩት እኔው ነኝ። እዚያ ድረስ የዘለቀ ሰው ግን ዕቃውን በልቡ ወስዶ ጨርሷል።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ አላስጨነቀኝም። የከተማ ሰው ያውቀዋል። «ቫቱ ስንት ይመጣል?» ብሎ ይጠይቃል፤ አለዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያለ ደረሰኝስ?» ይላል። ወንድሜ ያለ ደረሰኝ አይሸጥም። ፈርቶ ይሁን አምኖበት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ብቻ አይሸጥም። ከእኛ አለፍ ብሎ ያለው ነጋዴ ግን ደረሰኝ የሚቆርጠው ሲጠየቅ ብቻ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ሰውዬው የመጡት አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ከዳባት በኩል ካለ ገጠር የወረዱ፣ ስድሳን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ ገበሬ ናቸው። ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ገቡና ፍራሾቹን አንድ በአንድ በመዳፋቸው ተጫኑ፤ የሚገዛውን በሬ ጫንቃ እንደሚፈትሽ ሰው። ሚስታቸው ከእርከን ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝታለች። ስትወጣ መደብ ላይ እንዳትተኛ፣ የማይሰረጉድ ፍራሽ ይሁንላት ብለው ሐኪሞቹ አዝዘዋል። ይኸን ሁሉ የነገሩኝ ሳልጠይቃቸው ነው። እኔ በስልክ ከጓደኛዬ ጋር እያወራሁ ስለነበር በአንድ ጆሮዬ ነው የሰማኋቸው።

ጠንካራው ፍራሽ አጠገብ ቆሙና የጻፍኩትን ድምፅ አውጥተው አነበቡ። በልጅነታቸው ድቁና ተምረው ኖሮ አነባበባቸው ቀስ ያለና ጥርት ያለ ነው።

«ዘጠኝ ሺህ። ልጄ፣ ቁርጡ ይኸ ነው?»

«ቁርጡ ነው አባቴ» አልኳቸው፣ ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሳ። ዋጋ ሊከራከሩኝ የፈለጉ መስሎኝ ነበር። ቁርጥ ዋጋ ማለት ለእኔ የማይቀነስ ማለት ነው። ለእሳቸው ደግሞ የማይጨመርም ማለት እንደሆነ አላሰብኩትም።

«በይ እንግዲያስ ያዥልኝ። ከብር ጋር እመለሳለሁ።»

ካርቶኑ ላይ «የተያዘ» ብዬ ጻፍኩበት።

በሳምንቱ አልመጡም። መንገዱ ተዘግቶ ነበር። እንዲህ ሲሆን ማን እንደሚጠየቅ፣ መቼ እንደሚከፈት ማንም አያውቅም፤ ሰው ሲሄድ ያየ ቀን ይሄዳል። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ፍራሹን ለሌላ ሰው ሊሸጠው ነበር፤ እኔ ነኝ «ተይዟል» ያልኩት። ይኸን አሁን የምናገረው ራሴን ለማመስገን አይደለም። የሚታሰብልኝ ነገር ካለ ይኸው ብቻ ስለሆነ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ መጡ። ከጋሪ ገፊ ጋር ተስማምተው በር ላይ አቁመውታል። ፊታቸው በመንገዱ ተንገላቷል፤ ግን ደስ ብሏቸዋል። ሦስት በግ ሸጠው ነው የመጡት። ሚስታቸው በማግስቱ ትወጣለች። እስከዚያ ፍራሹን በሚኒባስ ጭነው ቤት ያደርሱና ይመለሳሉ፤ ዐሳባቸው እንዲያ ነበር። ከነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረውን ፈትተው ብሩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ቆጠርኩት፤ ዘጠኝ ሺህ ልክ ነው። ማሽኑ ላይ መታሁና ደረሰኙን ሳወጣው አሥር ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ይላል።

«አባቴ፣ ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ይጨምሩልኝ። ቫቱ ነው።»

መጀመሪያ ያልሰሙ መሰሉ። ከዚያ ወደ ፍራሹ ሄደው ካርቶኑን ነቅለው አመጡና ጠረጴዛው ላይ፣ ከብራቸው አጠገብ አስቀመጡት።

«ምነው ልጄ? ዘጠኝ ሺህ ነው የተጣፈው።»

«ያ ዋጋው ነው። ይኼ የመንግሥት ግብር ነው። ለሁሉም ሰው ነው።»

«ግብርማ እኔም እከፍላለሁ፤ የመሬት። ሲጠየቅ ደግሞ ልኩ ይነገረኛል። ይኸ ግን ምነው አልተጣፈም?»

ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አሳየኋቸው። ዐይናቸውን ጠበብ አድርገው አነበቡት። «ይኸ ከአንቺ ጀርባ ነው ያለው» አሉኝ።

በዚህ መሀል ወንድሜ ከመጋዘኑ ወጣ። ሁለት ሴቶችም ብርድ ልብስ እየመረጡ ነበር፤ መምረጣቸውን ትተው ወደ እኛ ዞሩ። ሰውዬው ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ወደ ወንድሜ ዞረው «ይቺን ልጅ ቁርጡ ይኸ ነው ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። ነው ብላኛለች። እኔም ይኸን ይዤ መጣሁ» አሉ።

ወንድሜ አየኝ። «ብለሻቸዋል?»

ብዬአቸዋለሁ። ቀኑን፣ የቆሙበትን ቦታ፣ ጓደኛዬ በስልክ ምን ትለኝ እንደነበር ሳይቀር አስታውሳለሁ። ነገር ግን ሴቶቹ ያዩኛል፤ ወንድሜ ያየኛል፤ ደረሰኙ ወጥቷል፤ የወጣ ደረሰኝ መሰረዝ ደግሞ ስንት ጣጣ እንዳለው የማውቀው እኔ ነኝ።

«አላስታውስም» አልኩ። ይኼ አልበቃኝ ብሎ ጨመርኩበት። «ቫት እንዳለ ደግሞ ሁሉም ሰው ያውቃል።»

ወንድሜ ለዘብ ብሎ «አባቴ፣ ቫቱ የእኔ አይደለም፤ አስተላላፊ ነኝ። ከትርፌ ሦስት መቶ ልቀንስልዎት» አላቸው።

«ሦስት መቶውን አይደለም ልጄ። እኔ ጠይቄ ነው የሄድሁት።» ብሩን ሰብስበው መልሰው ቋጠሩ። በጣም ቀስ ብለው ነው የቋጠሩት። «ሸጋ» አሉ፤ ለማን እንዳሉት አላውቅም። ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ጋሪ ገፊው ባዶ ጋሪውን እየገፋ ተከተላቸው።

ወንድሜ ደረሰኙን አንሥቶ አየና «ይኸን አሁን ማን ያሰርዝልኛል?» አለ። ከሴቶቹ አንዷ «ውይ፣ ምስኪን» አለች፤ ብርድ ልብሱን ግን ገዛች፤ ቫቱንም ሳትጠይቅ ከፈለች።

ምሳ ሰዓት ላይ «ራሴን አሞኛል» ብዬ ወጣሁ። ከደመወዜ ያስቀመጥኩት ነበር፤ ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ መናኸሪያው ገሠገሥኩ። ዐሳቤ ብሩን ሰጥቻቸው፣ ይዣቸው ተመልሼ፣ ፍራሹን ማስያዝ ነበር። የዳባት ሚኒባሶች ከሚቆሙበት ጥግ አገኘኋቸው። በድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው በፕላስቲክ የተጠቀለለ ፍራሽ ተጋድሟል።

«አባቴ፣ ገዙ እንዴ?»

ቀና አሉ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። «ገዛሁ። ከእናንተ አለፍ ብሎ ያለው ሰው፣ ስምንት ሺህ ስምንት መቶ አለኝ። ወረቀትም የለው፣ ጭማሪም የለው።»

በአንድ ትንፋሽ «ብዬዎት ነበር። ቁርጡ ነው ብዬዎት ነበር። አስታውሳለሁ» አልኳቸው።

«እንዴታ! እኔስ ሳትይኝ አልሁ?» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «ታዲያ ምነው በወንድምሽ ፊት?»

ቦርሳዬን ከፍቼ ብሩን አወጣሁ። ለምን እንዳወጣሁት እንኳ አሁን አይገባኝም፤ ፍራሹ ተገዝቷል። እጃቸውን አንሥተው ከለከሉኝ። «አስገቢው። እኔ እዳ የለብሽም አላልሁሽም፣ አለብሽም አላልሁሽም። አስገቢው ልጄ፣ ሰው ያያል።»

አስገባሁት። ለመሄድ ስነሣ ወደ ፍራሹ ጠቆሙኝ። «አንቺ የሥራው ሰው ነሽ። እስቲ እይልኝ፤ ሸጋ ነው?»

ጎንበስ ብዬ በመዳፌ ተጫንኩት። መዳፌ ያለ ምንም ችግር ታች ድረስ ወረደና ከፕላስቲኩ ሥር ያለው ድንጋይ ተሰማኝ። ያ ዓይነት ስፖንጅ ሁለት ወር ሳይሞላው መሀሉ ይሰረጉዳል። ዳሌዋ ለተሰበረ ሰው ከመደብም ይብሳል። ልመልሰው ቢሉ ደረሰኝ የላቸውም። ሚኒባሱ ሞተሩን አስነሥቷል፤ ረዳቱ «ዳባት! ዳባት!» እያለ ይጣራል፤ ነገ መንገዱ ክፍት ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም።

«ጥሩ ነው» አልኳቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። ረዳቱና እሳቸው ፍራሹን ተጋግዘው ጣሪያው ላይ ሰቀሉት። እኔ ሚኒባሱ እስኪወጣ አልቆምኩም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሱቁን ቁልፍ ወስጄ ብቻዬን ገባሁ። የዋጋ ወረቀቶቹን ሁሉ ነቅዬ ቫቱን ጨምሬ እንደገና ጻፍኳቸው። ከእያንዳንዱ ሥር «ቫትን ጨምሮ» አልኩበት። ሰኞ ጠዋት ወንድሜ ገብቶ አያቸውና እንዳሉ ተዋቸው። እስከ ረቡዕ ጠበቀ።

ረቡዕ ዕለት ሊጋቡ የተቃረቡ አንድ ወንድና ሴት መጡ። ልጅቷ ፍራሹን ወደደችው። ልጁ ካርቶኑን አየና «ማዶ ያለው ሱቅ እኮ ዘጠኝ ሺህ አንድ መቶ ነው» አለ። «ያ ቫት የለበትም፤ ሲከፍሉ ከዚህ ይበልጣል» አልኩት። ሒሳቡን በስልኬ አስልቼ አሳየሁት። እያየ ራሱን ነቀነቀና «ለማንኛውም እንይ» አለና ተያይዘው ወጡ። ከሰዓት በኋላ ከማዶው ሱቅ ፍራሽ አሸክመው በደጃችን ሲያልፉ ወንድሜ አብሮኝ ቆሞ ነበር።

«አየሽ?» አለኝ። «እውነት ብትጽፊ ሌባ ትመስያለሽ። እኔ የሱቅ ኪራይ አለብኝ እህቴ። ሁሉም አንድ ላይ ቢጽፍ እኔ የመጀመሪያው እሆን ነበር። ብቻዬን ግን አልችልም።»

«ታዲያ ያ ሽማግሌ?»

«እሱ ምን? ሦስት መቶ ቀንሼለት አልፈልግም ያለ ራሱ ነው።»

«እኔ አልጽፍም» አልኩት። «እሺ» አለኝና ካርቶን ቆርጦ በራሱ እጅ ጻፋቸው። ጽሑፉ ጎበጥባጣ ነው፤ ዘጠኙ አራት ይመስላል። ሦስት ወር ያህል እንዲያ ተኮራርፈን አብረን ሠራን። ከዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ቀጠረኝና ወጣሁ።

በዚያ ዓመት ፋሲካ ወንድሜ ቤት ነበርን። ምሳ ቀርቦ ልጆቹ እየተጯጯሁ ስለነበር ማንም አይሰማንም። እንጀራውን እየቆረሰ፣ ሳያየኝ፣ «ያኔ ግን ለዚያ ሰውዬ ቁርጡ ነው ብለሽው ነበር?» አለኝ።

«ብዬው ነበር።»

ጉርሻውን አላመጠና ዋጠ። «ታዲያ ምን ነበር ብትነግሪኝ? በዘጠኝ ሺሁ እሰጠው ነበር እኮ። ቫቱን ከራሴ እከፍለው ነበር።»

እውነቱን ይሁን፣ ወይስ በዓል ስለሆነ ይሁን አላወቅኩም። ጠየቅኩት። «ምናልባት» አለና ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ልጆቹ ዞረ።

የሽማግሌውን ሚስት ነገር ከዚያ ወዲያ አልሰማሁም። ስማቸውን አልጠየቅኩ፣ ደረሰኙ ላይ ስም አልጻፍኩ፤ ማንን ብዬ ልጠይቅ? በሥራ ምክንያት አንድ ጊዜ ዳባት ሄጄ ገበያው መሀል ዱላ የያዙ ሽማግሌዎችን ፊት ሁሉ እየተመለከትኩ ዋልኩ። ባገኛቸው ኖሮ ስለ ፍራሹ ምን እላቸው እንደነበር አላውቅም። ማታ ማንን ስፈልግ እንደዋልኩ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳልናገር ቀድሜያቸው ተኛሁ።