ለሶፊያ ሰርግ የያዝኩት ጣልያንኛ

ሄንደርሰን፣ ቅዳሜ ሊነጋ ሲል 11 ሰዓት

ከቤት ስወጣ ገና አልነጋም። ልጄ ሃና ለሆስፒታል ሺፍቷ ጫማዋን እያሰረች፣ "አባ፣ ሪላክስ አድርግ። ዓመት ሙሉ ፕራክቲስ አድርገሃል" አለችኝ። እሷ ምን አለባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ጣልያን አገር ኖሮ እዚያው ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። አንዲት ልጁ ሶፊያ አማርኛ አትሰማም፣ እንግሊዝኛም አልሆነላትም። በስልክ "ቻው" ተባብለን፣ ተሳስቀን እንዘጋለን። ልታገባ ነው ሲሉኝ ጭንቅ ያዘኝ። እኛ ወሎዎች ልጅ ሳንመርቅ አንድርም፤ አባት ከሌለ ምርቃቱ የአጎት ነው። የማይገባት ምርቃት ምን ያደርግላታል ብዬ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ጣልያንኛ ጀመርኩ፣ ለሰርጓ ልሄድ። ታክሲዬን አቁሜ ተራ ስጠብቅ ከስልኬ ጋር አወራለሁ። ፍሬኑን፣ ካምቢዮውን፣ ጎማውን ለካ ድሮ ደሴ ጋራዥ ውስጥ ተምሬው ኖሯል።

ቲኬት ልቆርጥ ስል ሶፊያ ደወለች። ሰርጉ በናንተ አገር በረሃ ላይ ይሁን አለች። በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት።

ዘ ስትሪፕ፣ የካዚኖዎቹ ጎዳና፣ 12 ሰዓት

ትናንት ሥራ ላይ ስለነበርኩ ከኤርፖርት የተቀበለቻቸው ሃና ናት። እኔ ያየኋቸው ዛሬ፣ ሆቴላቸው በር ላይ ነው፦ ሶፊያ፣ እጮኛዋ ማርኮ፣ እናቱ ሲኞራ ሉቺያ። ሶፊያ ቁርጥ ወንድሜን። "ቦንጆርኖ፣ ዚዮ" አለችኝ፤ አጎቴ ማለቷ ነው። ያጠናሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። አቀፍኳት።

የሌሊት ሺፍት የጨረሱ ሴቶች አውቶቡስ ይጠብቃሉ፤ ጽዳቶች አስፋልቱን በውሃ ያጥባሉ። ከጀርባቸው የመስታወት ፒራሚድ፣ የፓሪሱን ግንብ አስመስለው የሠሩት ማማ፣ ሜዳ የሚያህል ሰው ሠራሽ ሐይቅ። አሥራ ስድስት ዓመት ነድቼበታለሁ። የእያንዳንዱን ስም በጣልያንኛ ልነግራቸው ስታገል ነው መሰለኝ ገና ዛሬ ያየሁት። "ይሄ ሁሉ በበረሃ መሃል?" አለች ሲኞራ ሉቺያ። እኔም እንደ እሷ አፌን ከፍቼ ነበር።

ወደ ሰሜን፣ አንድ ሰዓት ተኩል

ኤፔክስ በሚባለው የከተማው ዳርቻ ያሉትን መጋዘኖችና የተሰለፉትን ከባድ መኪናዎች አለፍን፤ ከዚያ ወዲያ ቤት የለም። ሲኞራ ሉቺያ ከቦርሳዋ ብስኩት አውጥታ አደለችን።

"ቋንቋውን ማን አስተማረዎት?" አለችኝ።

"ስልኬና ተሳፋሪዎቼ።"

"ለምን ተማሩት?"

"ሲደርስ ያዩታል" አልኳት።

ቀዩ ሸለቆ፣ ሦስት ሰዓት

አቤት የፈጣሪ ሥራ። ድንጋዩ ፍም ነው፤ ከአፋፍ እስከ አፋፍ ቀይ፣ ከቀዩ መሃል ደግሞ ነጭና ሮዝ መስመር። ሁላችንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ማውራት ጀመርን። ማንም እንዲህ አድርጉ አላለንም።

እዚያ የጠበቀን ጋብቻ አስፈጻሚ ቃል አስገብቷቸው በአሥር ደቂቃ ጨርሶ ሄደ። ተራው የእኔ ነው። መዳፌን ዘረጋሁና በጣልያንኛ፣ "ዕድሜያችሁ ይርዘም" አልኩ። አልኩና ቆምኩ።

ዝም አሉ። በፈገግታ ያዩኛል። እኛ ዘንድ መራቂ አንድ ባለ ቁጥር ተመራቂው እጁን ዘርግቶ አሜን ይላል፤ አሜን ካልመጣ ምላስ ወደሚቀጥለው አይሄድም። ዓመት ሙሉ የኔን ድርሻ ሳጠና የእነሱን ልነግራቸው አላሰብኩም። ሁለተኛው ጠፋኝ። ሦስተኛውም ጠፋኝ። የወንድሜ ልጅ ፊት አፈርኩ፤ ይህን ያህል ያፈርኩበት ቀን የለም።

ሲኞራ ሉቺያ እጆቼን አየች። ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች፣ መዳፎቿን እንደኔው ዘረጋችና ቀስ ብላ "አሜን" አለች። ማርኮ ተከተላት። ሶፊያም ተከተለች።

ምላሴ ተፈታ። ቤታችሁ ይሙላ፤ አሜን። አብራችሁ አርጁ፤ አሜን። ያንን ሸለቆ እያየሁ፣ በሰው አገር ቋንቋ፣ አንድም ሳልስት ጨረስኩ።

ሶፊያ ዓይኗን ጠርጋ፣ "ዚዮ፣ አሁን ደግሞ አባቴ ቢኖር በሚመርቀኝ ቋንቋ" አለችኝ።

"አይገባሽም እኮ።"

"ይሁን።"

በአማርኛ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ዕድሜሽ ይርዘም ስላት አሜን አለች። ውለጂ ክበጂ ስላት አሜን አለች። የአባትሽ ምርቃት ይድረስሽ ልል ድምፄ መሃል ላይ ተቆረጠ። እሷ እስክጨርስ አልጠበቀችም፤ አሜን አለች።