ሰላምታ የሌለው ኢሜይል

አሁን ሁሉም ነገር በቴሌግራም ሆኗል። ሰው ጥያቄውን ይወረውራል፣ የማያውቀው ሰው መልሱን ይወረውርለታል፣ አበቃ። «እንዴት ዋልክ» የለ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» የለ። ፈጣን ነው፣ አልክድም። እኔ ግን አልወደውም። የሚናፍቀኝ ያ ቀርፋፋው የኢሜይል ቡድናችን ነው። ቡሬ ወረዳ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ «ኔትወርክ መጣ!» ሲባል የጀመርኩትን ሻይ ጥዬ እየሮጥኩ የማነበው እሱን ነበር።

ቡድኑ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ስብስብ ነው። አብዛኞቻችን የጎጃም ልጆች ነን፤ ከፊሉ እዚያው አገር ቤት፣ ከፊሉ ባሕር ዳር፣ ከፊሉ አዲስ አበባ ገብቶ የቀረ። አንዱ ፕሮግራሙ እንቢ ሲለው ለሁላችንም ይጽፋል፣ የሚያውቅ ይመልስለታል። ይመሩን የነበሩት ፍኖተ ሰላም የሚኖሩ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ናቸው። ኢሜይላችንን እንደ ፈተና ወረቀት ስለሚያርሙት «የኔታ» እንላቸው ነበር። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን፣ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አያልፉም።

የሳቸው ሕግ እንዲህ ነበር፦ የጠያቂውን ቃል ከላይ አስቀምጥ፣ የማያስፈልገውን ቁረጥ፣ መልስህን ከሥሩ ጻፍ። እኔ መልሴን ከላይ ነበር የምጽፈው። ሰው አንዲት መልስ ለማየት የከረመ ወሬ ሁሉ እንደገና ማንበብ አለበት እንዴ? በዚህ የተነሳ አዲስ አበባ ካለ አንድ ባልደረባችን ጋር ዓይንና ናጫ ነበርን። እሱ «ሥርዓት» ይላል፣ እኔ «ወደ ታች ስገፋ ጣቴ አለቀ» እላለሁ። እስካሁንም ትክክለኛዋ እኔ ነኝ።

ከመካከላችን ሰላምታ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። መራዊ ነው አገሩ፤ ፍኖተ ሰላም ኮሌጅ አብረን ተምረናል። ኢሜይሉን የሚጀምረው «ለተከበራችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ከረማችሁ፣ እኔ እግዚአብሔር ይክበር ይመስገን ደህና ነኝ» ብሎ ነው። ከዚያ የየኔታን ወገብ ይጠይቃል፣ የኔን ልጅ ይጠይቃል፣ የአዲስ አበባውን ሰውዬ የቤት ኪራይ ሳይቀር ይጠይቃል። ጥያቄው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እንግዳ ሰው የመጣበትን ጉዳይ ሊወጣ ሲል በር ላይ ቆሞ እንደሚያነሳው።

እናቱ ባላቸው የሞተባቸው ናቸው። ቆጋ መስኖ ላይ ትንሽ የሽንኩርት መሬት አለቻቸው። እዚያ ውሃ በተራ ነው፤ ተራውን የሚያስከብረው፣ ቦዩን የሚከፍትና የሚዘጋው ሰው የውሃ አባት ይባላል። ታዲያ ጉልበት ያለው ተራ ሲገፋ፣ ብቻዋን የቆመች ሴት ብትጮህ ማን ይሰማታል? እናቱ በየተራቸው እንቁላል ይዘው የውሃ አባቱን ደጅ ይጠኑ ነበር። ልጅየው ይህን እያየ ነው ያደገው። ስለዚህ ተራ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፈ፤ ለገበሬውም ለውሃ አባቱም ዝርዝሩን በስልክ መልእክት የሚልክ። የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበሩም «እስቲ እንሞክረው» አለ።

«እናቴ አንድ ቀን እንኳ ማንንም ሳትለምን ውሃዋን ብታገኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» ብሎኛል።

መጀመሪያ፣ የተመዘገበው ሰው ጥቂት ሳለ፣ ደህና ሠራ። በኋላ ግን ከዝርዝሩ ሰው መጣል ጀመረ። ከወደቁት አንዷ የገዛ እናቱ ሆኑ! አንድ ተራ አለፋቸው። ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር የጀመረበት የመጋቢት ፀሐይ ነው፣ ሁለተኛ ካለፋቸው አለቀለት። ልጁ ተጨንቆ ጻፈልን። ተጨንቆም ግን ሰላምታውን አልተወም፤ ጥያቄው እንደ ልማዱ ከታች ተወሽቃለች።

እኛስ ምን አደረግን? ሰላምታውን መለስን! የኔታ ወገባቸውን እንደተሻላቸው፣ ልጄ ጥርስ እንዳበቀለ፣ ሁሉም ለሁሉም ጻፈ። ጥያቄዋ ጋ የደረሰ የለም። በመጨረሻ የአዲስ አበባው ሰውዬ ተነሳና «ወንድሜ፣ ሰላምታ ከርዕስ ውጭ ነው፤ የሰው ጊዜ አታባክን» ብሎ ጻፈ። ደሜ ፈላ። «ሰላምታ የእግዜር ነው፣ አዲስ አበባ ስትገባ ነው እንዴ የጣልከው?» አልኩት፤ ያውም ከላይ ጽፌ። ከዚያማ ጉድ ፈላ። አንዱ ስለ ሥልጣኔ ጻፈ፣ አንዱ ስለ ሃይማኖት፣ አንዱ እግረ መንገዱን የጤፍን ዋጋ አነሳ። ሳምንቱ በዚሁ አለቀ። የኔታ ሰልችቷቸው ፈረዱ፦ «ከእንግዲህ ጥያቄ ብቻ። ሰላምታ ክልክል ነው።»

ሐሙስ ጠዋት ከዚያ ልጅ ኢሜይል መጣ። እንዲህ ይላል፦ «ስሞች ከዝርዝሩ ይወድቃሉ። ምክንያቱ ምንድን ነው?»

ይኸው ነው። ሌላ ቃል የለም። እኛ አገር ሰላም ሳይል የሚገባ ሰው መርዶ ነጋሪ ነው። «በስመ አብ፣ እናቱ ሞቱ!» ብዬ ስልኬን አነሳሁ። መስመሩ ተይዟል። ደግሜ ሞከርኩ፣ ተይዟል። ለካ ቡድኑ በሙሉ እየደወለለት ነው፤ ያ የአዲስ አበባው ሰውዬ ሳይቀር!

ሲያነሳልኝ ጮህኩበት።

«ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም! ምን ነካችሁ ዛሬ?»

«ታዲያ ሰላምታህ የት ገባ?»

«ተከልክሏል አላችሁ አይደል እንዴ?»

«ሲከለክሉህ ትተዋለህ? እናትህስ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት።»

«አላምንህም። ስልካቸውን ስጠኝ፣ ራሴ ልጠይቃቸው።»

«የራሷ ስልክ የላትም እኮ። በጎረቤቷ ነው የምናገኛት። የዚያ ሰፈር ሰው ግማሹ በሱ ስልክ ነው።»

«ቆይ ቆይ» አልኩት። «ፕሮግራምህ አንዱን ገበሬ ከሌላው የሚለየው በምንድን ነው?»

«በስልክ ቁጥ...» አለ።

ነገሩ እሱ ነበር። ሁለት ሰው አንድ ስልክ ካስመዘገበ፣ ፕሮግራሙ አንድ ሰው ይመስለውና ኋለኛውን ይጥለዋል። ስልክ የሌለው ደሃ ሁሉ በጎረቤቱ ጥላ ሥር ጠፍቷል። «የገዛ እናቴን እኔው ራሴ...» አለኝ፣ አልጨረሰውም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሰውን በስልኩ ሳይሆን በመሬቱ ቁጥር መለየት። ቁጥሩን ለመልቀም ግን ማሳ ለማሳ መዞር ይጠይቃል፤ የቅዳሜው ዝርዝር ደግሞ ተልኮ አልቋል። የቅዳሜው ተራ ሊያልፋቸው ነው።

ይህንን ለየኔታ ደውዬ ነገርኳቸው። «ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ» ብቻ ብለው ዘጉት። ቅዳሜ ማለዳ ደወሉ፤ «ሚኒባስ ውስጥ ነኝ፣ ቡሬ ስደርስ አስፋልቱ ላይ ጠብቂኝ።» ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው እስከ መራዊ ድረስ መንገድ መንገዱን ሲያዩ ነበር።

መራዊ ላይ ልጁ ተቀላቀለን፤ ማሳው ጋ ስንደርስ የውሃ አባቱ ቦዩን ወደ ሌላ ሊያዞር ነበር። የኔታ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰላምታ ጀመሩ። ልጆቹን ጠየቁ፣ ከብቶቹን ጠየቁ፣ የበልጉን ዝናብ ጠየቁ፣ የሰበካውን ቄስ ጠየቁ። ያንን የከለከሉትን ሁሉ እዚያች ቦይ ዳር አወጡት! ሰውየው መዶሻውን... ዶማውን ማለቴ ነው፣ መሬት አስቀመጠ። ያኔ «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው ልጄ» ብለው የሆነውን አስረዱት። ሰውየው አፈረ። ውሃውን ለቀቀላቸው።

እናትየው ትልሙ ሲረጥብ እያዩ «ወይ ልጄ! እንዲህ ያለ ሰው እያለው በኮምፒውተር ዓይኑን ምን አደከመው?» አሉ። ሳቅን። ልጅየው ግን አልሳቀም። ማሳው ጥግ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ተከተልኩት።

«ምነው፣ ደስ አላለህም?»

«ብሎኛል። ግን ዛሬም በሰው ነው ያገኘችው። ፊት በእንቁላል፣ ዛሬ በእናንተ።»

የኔታ ከኋላዬ መጥተው ሰምተውት ኖሯል። «ልክ ነህ» አሉት። «በል ና፣ የመሬቱን ቁጥር እንልቀም።» እስከ ማታ ድረስ በፀሐይ ማሳ ለማሳ ዞርን። ሽማግሌው በዚያ ወገባቸው ድንበር እየዘለሉ ቁጥር ሲጠሩልን፣ እኔ ስመዘግብ፣ ልጁ ሲያስገባ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የሠራሁ አይመስለኝም።

የሚቀጥለው ተራ ሲደርስ እዚያ አልነበርኩም። ልጁ ነው በስልክ የነገረኝ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። እናቱ ገና ሳይነጋጋ ቦዩ ዳር ደርሰዋል፤ የሚለምኑበትን ቃል ሲያሰናዱ ነው ያነጉት። የውሃ አባቱ መጣ፣ ስልኩን አየ፣ ቦዩን ወደሳቸው ከፈተና ወደ ሥራው ሄደ። አላናገራቸውም። እሳቸውም ያዘጋጁት ቃል አፋቸው ላይ ቀርቶ፣ ውሃው እግራቸው ሥር እየገባ፣ ግራ ገብቷቸው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ማንን ነው የማመሰግነው?» አሉት።

«ማንንም፣ እማ» አላቸው። «ተራሽ ነው።»