ነጭ ጨርቅ የተሰቀለበት ማክሰኞ

ሐይቅ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ የተከራየሁት ክፍል ንፋሱ ግቢ ውስጥ ነበር። ንፋሱ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ሥራው ንፋስ መለካት ስለሆነ አሳ አጥማጆቹ አንድ ቀን «ንፋሱ» ብለው ጠሩት፤ እሱም አቤት አለ፤ በዚያው ጸደቀ። ሚስቱ ሳትቀር፣ ሲቆጣት «ዛሬ ደግሞ ንፋሱ ተነስቷል» እያለች ታሾፍበታለች።

አርባን ያለፈ፣ ቀጠን ያለ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ጎህ ሲቀድ ይነሳና የጎማ ቦት ጫማውን ተጫምቶ ወደ ጀልባ መውጫው ይወርዳል። እዚያ ከሩቅ ሲያዩት የውሃ ታንከር ማስቀመጫ የሚመስል የብረት ማማ አለ። አናቱ ላይ ኩባያ የመሰሉ ትንንሽ ነገሮች ይሽከረከራሉ፤ የንፋሱን ፍጥነት የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ከማማው ሥር ውሃው ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት እንጨት ተተክሏል፤ የሐይቁ ከፍታ የሚነበበው በእሱ ነው። ውሃው ምን ያህል እንደጠራ የሚያውቀው ደግሞ ቋጠሮ ባለው ገመድ በታሰረ ነጭ ሰሃን ነው። ሰሃኑን ቀስ እያለ ያወርድና ከዓይን እስኪሰወር ቋጠሮ ይቆጥራል። በበጋ እስከ ስምንት ቋጠሮ ይታያል። ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ የላይኛውን አገር አፈር ጠራርጎ ስለሚያመጣ ሰሃኑ ገና ውሃ ከመንካቱ ድራሹ ይጠፋል።

ይህን ሁሉ በስልክ ለዋናው ቢሮ ካስታወቀ በኋላ ማማው ላይ ጨርቅ ይሰቅላል። ነጭ ከሆነ ውጡ ነው፤ ቀይ ከሆነ ቅሩ። ጨርቁ እንዲያው ምክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር። ነገር ግን የአጥማጆቹ ማኅበር የነዳጅ መጋዘኑን የሚከፍተው ነጭ ሲሰቀል ብቻ ነው። ያለ ሞተር በመቅዘፊያ ብቻ ደግሞ ከዳርቻው እልፍ አይባልም። ስለዚህ በክረምት ጠዋት ጠዋት የከተማው ግማሽ ሰው አንገቱን አንጋጦ ንፋሱን ይጠብቃል።

«ምነው፣ ከሚስትህ ጋር ተጣልታችሁ አደራችሁ እንዴ? ዛሬም ቀይ?» ይሉታል።

«ከእሷስ ታርቀናል። ከሐይቁ ጋር ነው ያልታረቅነው» ይላቸዋል። እየሳቁ ይበተናሉ።

ሚስቱ ጀልባ መውጫው አጠገብ ባለው ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ አሳ የምታጸዳ ናት። እጇ ፈጣን ነው፤ ቢላዋዋን ስትይዝ ወሬዋን አታቋርጥም። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ አጥማጅ ነው። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ንፋሱን ያሳደገው እሱ ነው፤ አስተምሮ ለዚህ ሥራ ያበቃውም እሱ ነው። ንፋሱ «ጋሼ» ብሎ ይጠራዋል፤ ዛሬም ሲጠራው ድምፁ ዝቅ ይላል። የጋሼ ሞተር ከመጠገኑ ብዛት፣ ከጥንቱ የቀረው ጩኸቱ ብቻ ነው ይባል ነበር። አሳ የት እንዳለ በማወቅ ግን የሚስተካከለው አልነበረም።

ነበር እያልኩ የማወራው እኔ ስደርስ ነገሩ ሁሉ ስለተበላሸ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ክረምቶች ሆነ የተባለውን ያወራኝ ራሱ ንፋሱ ነው። ዝናብ ሲጠነክር አሳው እንቁላሉን ሊጥል ወደ ወንዙ አፍ ይሄዳል። ውሃው እዚያ ጠባብና ጥልቀት የሌለው ነው፤ አሳውም በብዛት ታጭቆ ነው የሚወጣው። ድሮ በዚያ ወቅት ማንም እዚያ መረብ አይጥልም ነበር። መጀመሪያ አንዱ ጣለ፣ ቀጥሎ ጎረቤቱ፣ በሦስተኛው ክረምት ከዳር እስከ ዳር ወንዙን በጥቅጥቅ መረብ ዘጉት። ጋሼም ነበረበት። ከማማው ላይ ሆነው ሲያዩት የወንዙ አፍ እንደ መዳፍ ይታያል።

«አየሁ» አለኝ ንፋሱ። «በየቀኑ አየሁ። ለቢሮ ስደውል ንፋሱን ነገርኩ፣ ከፍታውን ነገርኩ። ያንን አልተናገርኩም። ማታ ቤቴ የሚመጣው አሳ ከዚያው ነበር እኮ፣ መምህር።»

ከዚያ ወዲህ ሐይቁ እየነጠፈ ሄደ። አጥማጆቹ ግን አሳ አለቀ የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም ነበር። ንፋሱ ነው፣ ጭቃው ነው፣ ብርዱ ነው ይላሉ። አሳው ወደ ጥልቁ ወርዷል፣ ቀኑ ሲከፈት ሩቅ ሄደን እናመጣዋለን ይላሉ። በዚያች ከተማ የተስፋ ስም «ሩቅ» ነበር።

እኔ በነበርኩበት በሁለተኛው ዓመት ክረምቱ ከፋ። ከኮረብታው በኩል የሚመጣው ንፋስ ጠዋት ተነስቶ እስከ ምሽት አይበርድም። ወንዙ ከነሥሩ የተነቀለ ግንድ እያመጣ ሐይቁ ላይ ይለቃል፤ ግማሹን ሰምጦ የሚንሳፈፍ ግንድ ደግሞ ለጀልባ ከድንጋይ ይብሳል። ቀይ ጨርቅ ተሰቀለ፤ በማግሥቱም ቀይ፤ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ቀን ሆነ። ቀልዱ በአምስተኛው ቀን ቆመ። ንፋሱ በመንገድ ሲያልፍ ሰላምታ የሚነፍጉት በዙ። ሚስቱ የምታጸዳው አሳ ስላልነበረ ባዶውን መጋዘን ስትጠርግ ትውልና ትመለሳለች።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋሼ መጣ። ዝናቡ ለአፍታ አባርቶ ስለነበር እኔ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ የተማሪ ደብተር አርማለሁ። ንፋሱ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀለት። ጋሼ ግን አልተቀመጠም።

«ነገ እንዴት ነው?» አለው።

«ያው ነው ጋሼ። ሳይብስ አይቀርም።»

«ልክ ነህ። ይብሳል።» ጋሼ ኮፍያውን አውልቆ ጨመቀው። «ልጆቹ ዝም ብለዋል።»

«እንዴት ዝም አሉ?»

«በፊት ምን እንበላለን እያሉ ይነዘንዙ ነበር። ትላንትና ዛሬ አልጠየቁም። ትንሿ እንኳ አልጠየቀችም። ዓይናቸውን ከእኔ ያሸሻሉ።»

ንፋሱ አንገቱን ደፋ። ሚስቱ ከውስጥ ብቅ ብላ «ጋሼ፣ ያለችውን ላቅርብልህ፣ ቁጭ በል» አለች። እጁን አወዛወዘላት።

«እኔ ለምኜህ አላውቅም» አለው ወንድሙን። «ነጩን ስቀልልን። እስከ ቀትር ብቻ። ሩቅ ደርሰን እንመለሳለን።»

«አንድ ነገር ብትሆኑስ?»

«ቤት ቁጭ ብለንስ ምን እየሆንን ነው?»

እርጥብ ኮፍያውን ደፍቶ ሄደ። ንፋሱ ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

ማክሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ስሄድ በጀልባ መውጫው በኩል አለፍኩ። ማማው ላይ የሚወዛወዘው ነጭ ነበር። ንፋሱ ልኬቱን አልቀየረም። ኋላ እንደነገረኝ፣ ነጭ ለመስቀል የተፈቀደው የንፋስ ፍጥነት ወሰን ሃያ አምስት ሲሆን የዚያን ዕለቱ ሠላሳ አንድ ነበር። ለቢሮው ደውሎ ሠላሳ አንድ አለ። የሚመዘግበው ሠራተኛ «እሺ» ብሎ ስልኩን ዘጋ፤ የትኛውን ጨርቅ ሰቀልክ ብሎ አልጠየቀም።

አጥማጆቹ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ጨርቁን አዩ፤ የሚጎብጡትን ዛፎች አዩ፤ ከዚያ ማማው ላይ የቆመውን ሰው አዩት። ገብቷቸዋል። አንድም የቀለደ የለም፤ አንድም ያመሰገነ የለም። ወደ ነዳጁ መጋዘን ሄዱ። አሥራ ዘጠኝ ጀልባ ወጣ። የጋሼ ከፊት ነበረች።

በምሳ ሰዓት የንፋሱ ሚስት አንድ ሳህን ምግብ በጨርቅ ቋጥራ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። «አንተ ውሰድለት። እኔ ካየሁት አለቅሳለሁ፣ እኔ ካለቀስኩ ደግሞ እሱ ይወድቃል» አለችኝ። መሰላሉን ወጣሁ። የላይኛው ብረት በእጅ አይያዝም፣ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ንፋሱ ካባውን እስከ ቦት ጫማው ድረስ ለብሶ የማማውን መደገፊያ ጨብጧል። የሰጠሁትን ሳህን ሳያየው ከእግሩ ሥር አስቀመጠው።

«ስንት ይታይሃል?» አለኝ።

ዝናብ እየተቃረበ ነበር፤ እኔ አንድም አይታየኝም።

«እኔም አላይም» አለ። «ጠዋት አሥራ ዘጠኝ ነበሩ።»

ቀትር አለፈ። ከኮረብታው የሚመጣው ንፋስ ጠነከረ፣ ዝናቡም ሐይቁን ሸፈነው። እሱም ነጩን አውርዶ ቀዩን ሰቀለ። ከውሃው ላይ ማንም ሊያየው እንደማይችል ያውቃል፤ እጁ ግን ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም። አንድ ጊዜ «መጋዘኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለ፤ ለእኔ የተናገረ አይመስለኝም። ወደ ትምህርት ቤት መመለስ ነበረብኝ፤ ተማሪዎቼን ለአንድ ባልደረባዬ በስልክ አደራ ብዬ እዚያው ቆየሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የመጀመሪያዋ ጀልባ ከዝናቡ ውስጥ ወጣች። ቀጥሎ ሦስት ተከታትለው መጡ። ንፋሱ በጣቱ እየጠቆመ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። አሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት። ከዚያ ምንም የለም። ያን ያህል ረጅም ጊዜ በሕይወቴ ጠብቄ አላውቅም። በኋላ ያ የታወቀው የሞተር ጩኸት ጀልባዋ ከመታየቷ በፊት ተሰማ።

ንፋሱ ተቀመጠ። አሥራ ዘጠኙም ጀልባ ሰው ሳይጎድል ገብቷል። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ይሳቅ ያልቅስ አልለየሁም። «ተረፍኩ፣ መምህር» አለኝ። እንደ ልጅ እየዘለለ ነበር መሰላሉን የወረደው።

ታች ግን የሚጮህ ሰው አልነበረም። አጥማጆቹ ከጀልባቸው እየወረዱ ዳር ቆመዋል። የመጀመሪያውን ቅርጫት አየን፤ ባዶ ነው። ሁለተኛውም ባዶ። አንዱ መረቡ ውስጥ የዛፍ ሥርና አሮጌ ጫማ ይዞ ነው የመጣው። አንዱ የክንድ ያህል አምባዛ ይዟል። የንፋሱ ሚስትና ጓደኞቿ ቢላዋቸውን ስለው ተደርድረው ነበር፤ የአሥራ ዘጠኙ ጀልባ አሳ ተሰብስቦ አንድ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አልሞላም። ቢላዋዎቹ ወደ ሽፋናቸው ተመለሱ።

ጋሼ የተቀደደ መረቡን እየጠቀለለ ነበር። ንፋሱ ጠጋ ብሎ «ሩቅ አልደረሳችሁም?» አለው።

«ደርሰናል። ከድንጋዮቹ ማዶ አልፈናል። እኔ በዕድሜዬ ሄጄበት የማላውቀው ድረስ ሄደናል።»

«ጭቃው ይሆናል። ውሃው ሲጠራ...»

«ተው» አለው ጋሼ። ቁጣ አልነበረበትም። «ይዞን የነበረው ንፋሱ አይደለም። እስከ ዛሬ ንፋሱ ነው እያልን ቆየን። ከነገ ጀምሮ ምን እንበል?»

በዚያ ጥያቄ የተሰበረው የንፋሱ ቅስም አልተጠገነም። ሰዎቹን ሞት ውስጥ ልኮ በሰላም መመለሳቸው ደስታው ሊሆን ሲገባ፣ ዓይናቸውን ማየት አቃተው። ቀዩ ቢቆይ ኖሮ ቢያንስ የሚጠብቁት ነገር ይኖራቸው ነበር፤ አንድ ቀን ማታ እንዲህ አለኝ። ተሳስተሃል ልለው ፈልጌ ተውኩት።

በዚያው ሳምንት ጥፋቱን በደብዳቤ ጽፎ ለቢሮው ላከ። ወሰኑን አልፌ ነጭ ሰቅያለሁ፣ የሚገባኝን ቅጣት እቀበላለሁ አለ። ረቂቁን ያረምኩለት እኔ ነኝ። ከአራት ወር በኋላ ጥቅል መጣለት። ውስጡ አዲስ ነጭ ጨርቅና አዲስ ቀይ ጨርቅ ነበር፤ በየዓመቱ የሚላከው። ስለ ደብዳቤው አንድም ቃል የለም። እንደገና ጻፈ። መልስ አልመጣም። ሚስቱ «እግዜር ሲሰውርህ ምን ያንገበግብሃል?» አለችው። እሱ ግን የሚቀጣው ሰው ማጣቱ ሆዱን በላው።

በበጋው ጀልባዎቹ አንድ አንድ እያሉ ከውሃ ወጡ። ጋሼ የሱን ፈትቶ ለበርና ለመስኮት እንጨት ለሚፈልግ ሰው ሰጠና ቤተሰቡን ይዞ ሌላ ከተማ ለመጋዘን ጥበቃ ተቀጠረ። ቆርቆሮ መጋዘኑም እንደገና ሥራ ጀመረ፤ ከሩቅ አገር በረዶ ሆኖ በካርቶን የሚመጣ አሳ ይሸጥበታል። የንፋሱ ሚስት ካርቶኑን በቢላዋዋ ትቀድዳለች። «ይሄ አሳ ዓይን እንኳ የለውም» ትላለች ተመልሳ ስትመጣ።

በቀጣዩ ዓመት ጋሼ ለሁለት ቀን ሊጠይቃቸው መጣ። ወፍሯል፤ የዘበኛ ካፖርት ለብሷል። ከንፋሱ ደጃፍ ሐይቁ ወለል ብሎ ይታያል። ጋሼ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠና ስለ መጋዘኑ ውሻ አወራን፤ ሌባ ሲመጣ ተኝቶ ጠዋት ሥራ አስኪያጁን ስለሚነክስ ውሻ። ሳቅን። ንፋሱም ሳቀ። ወደ ውሃው እንውረድ ያለ ግን የለም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መኪና ተራ ሸኘነው።

እኔም ብዙ ሳልቆይ ተዛወርኩ። ንፋሱ አሁንም እዚያው ነው፤ አልፎ አልፎ እንደዋወላለን። ክረምት ሲሆን ሰሃኑ ስንት ቋጠሮ ላይ እንደጠፋ ይነግረኛል። ከዚያ ሁለታችንም ዝም እንላለን፤ ሚስቱ ከኋላ ሆና «የስልኩ ሂሳብ እንዳይቆጥርባችሁ» ትላለች፤ እንሰነባበታለን።