አልወጣ ያሉ ቀለሃዎች

ባሌ በሕይወቱ አንድም ነገር በግዴለሽነት ሠርቶ አያውቅም። መከራችንም የመጣው ከዚያው ነው። በር ሲዘጋ እንኳ ዘግቶ፣ ገፍቶ፣ ጥቂት ከሄደ በኋላ ተመልሶ እንደገና ይገፋዋል። "ኧረ በሩም ታከተው!" እለዋለሁ። ይስቅና ለመጨረሻ ጊዜ ብሎ አንዴ ይደግመዋል።

ሥራው የመጋዘን ዘበኝነት ነው። ፀጉሩ የሸበተው እዚያው በር ላይ፣ ዱላውን ተደግፎ ነው። በዚህ ዕድሜው ሌላ የሚቀጥረው እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን፤ አናወራውም እንጂ። አዲሱ የጥበቃ ኃላፊ መጣና "ከእንግዲህ በዱላ መጠበቅ ቀረ። የራሱን መሣሪያ ይዞ ፈተና ያለፈ ይቀጥላል፤ ያላለፈ ደኅና ይሁን" አለ። ፈተናው ለሰሚው ቀላል ነው፤ ስድስት ጥይት መተኮስ፣ ቀለሃውን ማራገፍ፣ ሌላ ስድስት አጉርሶ ወዲያው መድገም።

የስፌት መኪናዬን ሸጥንና ጡረታ ከወጣ ዘበኛ አሮጌ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ገዛን። ጥይቷ የሕፃን ትንሽ ጣት ታህላለች። "የኔዋ ልብስ ትሰፋ ነበር፤ ይቺ ምን ትሠራልናለች?" ብዬ ብጠይቀው "እንጀራችንን ትሰፋለች" አለኝ። ከእሱ ቀልድ ሰምቼ ስለማላውቅ ከልቤ ሳቅኩ።

ጥይት እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ከሥራ ሲመለስ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና ባዶዋን ሽጉጥ ግድግዳው ላይ ወዳለው ምስማር ያነጣጥራል። ቀጭ። ይተነፍሳል። ቀጭ። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ እሰማለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እያደር እንደ ድንጋይ ረጋ። ኮራሁበት። ለጎረቤቱ ሁሉ "ምስማሩን ገደለው እኮ!" እያልኩ አወራሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

አንድ እሑድ በእውነተኛ ጥይት ሊሞክራት ወደ ድንጋይ ካባው ይዞኝ ሄደ። ስድስቱንም ጣሳው ላይ አሳረፋቸው፤ እኔ አጨበጨብኩ። ከዚያ ስድስቱ ጥይት የሚገባባትን ተሽከርካሪ ማቀፊያ ከፍቶ የቀለሃ ማውጫ ዘንጓን ተጫነ። ወይ ፍንክች! በመዳፉ መታ፣ አሁንም ወይ ፍንክች። በመጨረሻ በቀጭን እንጨት እየቀጠቀጠ ቀለሃዎቹን አንድ በአንድ ነቀላቸው።

"ቆሻሻ ይዟት ይሆናል" አለ። ቤት ስንመለስ በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ የማቀፊያዋን ቀዳዳዎች እስኪያብረቀርቁ ፈተጋቸው። እንደገና ካባው ወርዶ ሞከረ፣ ያው ነው። "እንግዲያው ጥይቱ ነው" ብሎ የሌላ ፋብሪካ ጥይት ለምኖ አመጣ። ያውና ያው። እንቅልፍ አጣ። የፈተናው ቀን ደግሞ እየቀረበ ነው።

መሣሪያ የሚጠግኑ ሽማግሌ ዘንድ ሄድን። ማቀፊያዋን አውጥተው በማጉያ መነጽር ሲያገላብጡ ቆዩና ቀና አሉ።

"ባዶዋን ተኩሰሃታል?"

"ተለማምጄባታለሁ፣ ጋሼ። አንድም ቀን አላቋረጥኩም" አለ ባሌ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

"ወይ ጉድ! የዚች ጥይት እኮ የምትፈነዳው የኋላ ጠርዟ ሲመታ ነው። ጥይት ከሌለ መቺው መርፌ የሚያርፈው የቀዳዳው ከንፈር ላይ ነው። ና እየው።"

አየን። በስድስቱም ቀዳዳዎች ጠርዝ ላይ፣ በዚያው በአንድ ቦታ፣ ብረቱ ተጨፍልቆ ወደ ውስጥ ጉብ ብሏል። ቀለሃው ሲተኮስ ሰፋ ይልና እዚያች ጉብታ ላይ ተይዞ ይቀራል።

"እኔ ነኝ ያበላሸኋት?"

"አዎ፣ አንተ ነህ። ሰነፍ ብትሆን ኖሮ ዛሬም ደኅና ነበረች።"

ሽማግሌው ክፉ አይደሉም። ጉብታዎቹን በሾጣጣ ብረት መልሰው አስተኟቸው። "ቀስ እያልክ ከተኮስክ ትለቅልሃለች" አሉት። "አከታትለህ ስታሞቃት ግን እንጃ፤ ብረቷ ተጎድቷል። መለዋወጫ ፈልግ እንዳልልህ፣ ሠሪዎቿም ከጠፉ ቆዩ።" በሩ ላይ ስንደርስ ጠሩት። "ከእንግዲህ ስትለማመድ የተተኮሱትን ቀለሃዎች ክተትባት። መርፌው እነሱን ይምታ፤ እሷ አትጎዳም።"

"እሺ" አለ፣ እንደ ተማሪ።

የፈተናው ቀን ምሳውን ይዤ ሄድኩና ከሽቦ አጥሩ ውጭ ቆምኩ። ተራው ደረሰ። ስድስቱንም መሃል ለመሃል አሳረፋቸው። ኃላፊው በአዎንታ ራሱን ሲነቀንቅ አየሁና "ተመስገን" አልኩ። ባሌ ማቀፊያዋን ከፈተ፣ ዘንጓን ተጫነ። አንድም ቀለሃ አልወደቀም። በመዳፉ መታ። ደግሞ መታ። ሰዓት የያዘው ሰውዬ "ድገም!" ብሎ ጮኸ።

ማቀፊያዋን ከነቀለሃዎቹ መልሶ ዘጋት። እጁን አነሳ፣ አነጣጠረ። ቀጭ። ተነፈሰ። ቀጭ። የቤታችን ድምፅ እዚያ ሜዳ ላይ ተሰማኝ። የሳቀ አልነበረም። ኃላፊው "በቃ፣ አባቴ፣ በቃ" እያለው ስድስቱን ጨረሰ። እጁ ንቅንቅ አላለም።

የሥራ መታወቂያውን መልስ ብለው ተቀበሉትና ወጣ። የግቢውን በር ራሱ ዘጋው። ጥቂት ከሄድን በኋላ ተመለሰና ገፋ አድርጎ አየው።

"ቀለሃ ውስጧ ነበር" አለኝ ሲደርስብኝ። "አልተጎዳችም።"

ታዲያ ምን ይፈይድልናል ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"አዎ" አልኩት። "በደንብ ነው የተኮስከው።"