በሰው ሳሎን የጀመረው ምሳ

ሻርጃ ሳለሁ በአንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሴቶች ነበርን። ሕንጻው ከውጭ ሲታይ መስታወት በመስታወት ነው፤ ሊፍት አለው፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው። የኔ የምለው ግን አልጋዬን ብቻ ነበር፤ ያውም ተደራራቢ አልጋ፣ የታችኛውን፣ ዙሪያውን በመጋረጃ የጋረድኩትን። ከላዬ የምትተኛው ኬንያዊት ነበረች። ሁለታችንም ቢሮ እናጸዳለን፤ ከሥራ ስንመለስ በተሰባበረ አረብኛ እናወራለን። እዚያ አገር ከሷ የቀረበኝ ሰው አልነበረም።

እኔ ከተመለስኩ በኋላ፣ ባለፈው ክረምት፣ እሷም ኮንትራቷን ጨርሳ ወደ ናይሮቢ ስትሄድ አውሮፕላኗ አዲስ አበባ ላይ ከጠዋት እስከ ምሽት የሚያቆያት ሆነ። “ቤታችሁን ሳላይ አላልፍም” ብላ ደወለችልኝ። በደስታ ለእናቴ ስነግራት ፊቷ ልውጥ አለ።

እናቴ ሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ ትሸጣለች። ከወሎ መጥታ ሰባተኛ ሰፈር ከገባች ጀምሮ ከዚያችው የቀበሌ ቤት አልወጣችም። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ሽንት ቤቱ ደግሞ ለሰባት አባወራ አንድ።

“እዚህ ልታስገቢያት ነው? ፎቅ ስትኖር የከረመችውን ልጅ?”

“እማ፣ ፎቁ ላይ እኮ ስምንት ሆነን...”

“ተይው፣ እኔ መላ አለኝ።”

መላው ምን እንደሆነ የሰማሁት እንግዳዋ በምትመጣበት ቀን ጠዋት ነው። ፊት ለፊታችን ያሉት ጎረቤታችን፣ እትዬ የምንላቸው፣ ባለቤታቸው ጅምላ ነጋዴ ናቸው፤ ቤታቸው ብሎኬት፣ ሳሎናቸው ባለ ሶፋ ነው። እናቴ ሳሎኑን ለምሳ ለምና፣ የኛ ነው ልትል ኖሯል! እትዬም ነገሩ አስቋቸው እሺ ብለዋል። “እኔ ደግሞ ጎረቤት ሆኜ አንኳኩቼ እገባለሁ” አሉ። ተዉ ማለት ነበረብኝ። ግን እውነቱን ለመናገር እኔም ትንሽ አፍሬ ነበርና እንዳሉት ይሁን ብዬ እንግዳዬን ልቀበል ወጣሁ።

ጓደኛዬን ከኤርፖርት ተቀብዬ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከታክሲ ወርደን በእግር መጣን። እናቴ አቅፋ ሳመቻትና ሶፋው ላይ አስቀመጠቻት። ራሷ ግን ጫፉ ላይ፣ እንደ እንግዳ፣ ጉልበቷን ገጥማ ተቀመጠች። ጥብሱ ቀረበ። ጨው አነሰው ተባለ። እናቴ ተነስታ አንዱን ቁም ሳጥን ከፈተች፤ ብርጭቆ ነው። ሌላውን ከፈተች፤ አንሶላ ነው። ይሄኔ የራሳቸውን በር እንደ ጎረቤት አንኳኩተው ገብተው የነበሩት እትዬ አላስችል ብሏቸው፣ “ከታች፣ በስተቀኝ ነው!” አሉ።

ጓደኛዬ ማኘኳን አቆመች። ዙሪያውን አየችና በአረብኛ፣ “ይሄ የማን ቤት ነው?” አለችኝ።

“የኛ ነዋ።”

“አይደለም። የናንተን አውቀዋለሁ። ግድግዳው ሰማያዊ ነው። ከእናትሽ ጋር በቪዲዮ ስታወሪ እኔ ከላይ አንገቴን አስግጌ አይ አልነበር?”

ይሄን እንዴት ረሳሁት! ለእናቴ ስተረጉምላት በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ናቸው፤ ከዚያ ሁላችንም። ትሪውን ተሸክመን፣ እትዬም ጨዋቸውን ይዘው፣ መንገዱን ተሻግረን ወደ ቤታችን ገባን።

ጓደኛዬ ገና ከመቀመጧ ግድግዳውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። “ምን ያህል ወፍራም ነው!” አለች። ናይሮቢ ቤቷ ጣሪያው ብቻ ሳይሆን ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው። ቀን ምድጃ ነው፣ ማታ በረዶ። ጎረቤቷ ሲያስነጥስ እሷ ይማርህ ትላለች።

“ልታጽናናኝ ነው” አለች እናቴ ተጠራጥራ። ጓደኛዬ በስልኳ ፎቶ አሳየቻት፤ እንደ ሱቅ በረድፍ የተደረደሩ የቆርቆሮ ክፍሎች። እናቴ መነጽሯን አድርጋ፣ በኔ አስተርጓሚነት ምርመራ ጀመረች።

“ሽንት ቤትስ?”

“መንገድ ዳር አለ፤ እየከፈልን ነው የምንገባው።”

“በየቀኑ? በየመግቢያው? የተቅማጥ ቀንስ ምን ይውጣችኋል?”

እትዬ ተንፈቀፈቁ። ዝናቡም መጣ፤ እንደ ልማዱ ከኮርኒሱ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። እናቴ ሳፋ ፍለጋ ከመነሳቷ በፊት ጓደኛዬ በርጩማዋን አንስታ ደረቅ ጥግ ላይ ተቀመጠች። የሷ ቤት ውሃው የሚገባው ከላይ ሳይሆን በበሩ ሥር ነው።

“ለምን አታስጠግኑትም?” አለች ወደ ኮርኒሱ እያየች።

“ሰፈሩ ይፈርሳል ይባላል። የሚፈርስ ቤት ማን ያድሳል?”

“ከተባለ ስንት ጊዜ ሆነው?”

“ይቺ ሳትወለድ ነው” አለች እናቴ ወደኔ እያመለከተች።

ጓደኛዬ ፈገግ አለችና ቀስ ብላ፣ “እኛ ጋ አይባልም። ማለዳ የዶዘሩን ድምፅ ስንሰማ ነው የምናውቀው” አለች። ሁለት ጊዜ ደርሶባታል። እናቴ እንጀራ ቆርሳ ትልቅ ጉርሻ አጎረሰቻት፤ ከዚያ ደገመቻት።

“ታዲያ ሻርጃ አይሻልሽም ነበር? ፎቁ?” አሉ እትዬ።

ጉርሻውን እስክትውጥ ጠበቅናት። “ሻርጃ ግድግዳውም ጣሪያውም ጥሩ ነው። የኔ ግን መጋረጃ ብቻ ነበር። ናይሮቢ በር አለኝ። ቆርቆሮ ቢሆንም ከውስጥ እቀረቅረዋለሁ።”

ይሄ መልስ እናቴን በጣም አስደሰታት። አመሻሹ ላይ ታክሲ እስክንሳፈር ድረስ እጇን ይዛ በጭቃው መሃል ሸኘቻት፤ እሷ በአማርኛ፣ ያቺ በስዋሂሊ እያወሩ። እኔን አስተርጉሚ ያለኝ የለም።

በሳምንቱ እናቴ ሸማ ተራ አብረዋት የሚነግዱትን አምስት ሴቶች ለምሳ ጠራች። ስንት ዓመት አብራቸው ስትሠራ ቤቷን አሳይታቸው አታውቅም ነበር። ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ተቀመጡ፤ አንዷ ቦታ ጠፍቶ አልጋው ላይ ወጣች። እናቴ መሃላቸው ቆማ ስለ ናይሮቢ ሽንት ቤት፣ ራሷ ደርሳ የመጣች ይመስል፣ እያጋነነች ስታወራ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።