የሞተው ወፍጮ ትኩሳት

ሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፤ ጎንደር

አውቶቡሱ ሳይነጋጋ ተነሣ። እኔ ከሾፌሩ ኋላ፣ ቅጾቼን ታቅፌ። በክፍለ ሀገሩ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ከሆንሁ ገና ስድስት ወሬ ነው። የተላክሁት አንድ ወፍጮ በእርግጥ መሞቱን አይቼ እንድፈርም ነው። ከባለቤቶቻቸው የተወረሱት ወፍጮዎች ሊሰበሰቡ ነው፤ የሚሠራው ሞተር ተነቅሎ ጎንደር ለሚቋቋመው የዱቄት ፋብሪካ ይገባል፤ የማይሠራው ከንብረት መዝገብ ተሰርዞ ባለበት ይቀራል።

ሦስት ሰዓት፤ ዳባት

ዳቦና ሻይ በስሙኒ። ብርዱ በነጻ። ሾፌሩ ጉዳዬን ሲሰማ፣ «ከደባርቅ ወዲያ ያለው ወፍጮ ነው? ባለፈው ሳምንት የእናቴን ገብስ ያስፈጨሁበት...» አለና ሻዩን ፉት አደረገ። «ሌላ ወፍጮ ነው መሰለኝ፣ እህቴ።»

ስምንት ሰዓት፤ በሳንቃ በር መንገድ

ከደባርቅ አንድ ሰዓት በእግር። መንደሩን ጉም ውጦታል። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ አቶ መኰንን ይጠብቁኛል፤ ወፍጮው የራሳቸው ነበር፣ አሁን ደሞዝተኛ ጠባቂው ናቸው። ቅንድባቸው ነጭ ነው። እርጅና መስሎኝ ነበር፤ ሲያስነጥሱ ግን ዱቄቱ ቦነነ።

«ካረፈ ሁለት ዓመቱ» አሉኝ በሐዘን ድምፅ።

ሞተሩን በመዳፌ ነካሁት። ጮኽሁ። መዳፌ ተላጠ።

«ፀሐይ ነው፣ ልጄ» አሉ አቶ መኰንን።

ቤቱ ጣራ አለው፤ ውጭው ጉም ነው።

ግድግዳውን ተደግፈው ሴቶች ተቀምጠዋል፤ በየፊታቸው የእህል ስልቻ። ምን እንደሚጠብቁ ጠየቅሁ። እትዬ ዘውዴ የሚባሉ አሮጊት መለሱልኝ፦

«ወፍጮው ታሟል ሲሉን ልንጠይቀው መጣን።»

«እህሉስ?»

«በሽተኛ ባዶ እጅ ይጠየቃል እንዴ?»

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔም ሳቄ አመለጠኝ። እትዬ ዘውዴ ግን አልሳቁም። መዳፌን ቅቤ እየቀቡ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የደባርቁን ባለፈው ወር ነቅለውታል። ይህም ከሄደ እስከ ዳባት መሸከም ነው፣ ልጄ። እኔ አልደርስም» አሉኝ።

ብዕሬ ቅጹ ላይ ቆመ። ዘንድሮ የሐሰት ፊርማ ስሙ አሻጥር ነው፤ አሻጥር ያሳስራል። ቅጹን ደግሜ አነበብሁ፤ «የንብረቱ ሁኔታ፣ በታየበት ሰዓት» ይላል። በታየበት ሰዓት! «ቆሟል» ብዬ ጻፍሁ፤ ፈረምሁ። አቶ መኰንን እጄን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ፣ «ኧረ ይተዉ፣ አባቴ፣ ያቃጥላል» አልኋቸው።

መታጠፊያው ጋ ሳልደርስ ከኋላዬ ዱክ ዱክ ዱክ ተሰማኝ። አንድ አፍታ እንኳ አልታገሡም! እንዳልሰማ ሰው ነጠላዬን ጆሮዬ ላይ ስቤ እርምጃዬን አፈጠንሁ።

ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት፤ ጎንደር

አለቃዬ ቅጹን አነበበና «ከመዝገብ ይሰረዝ» ብሎ ፈረመበት። ከዚያ በሐዘኔታ ቀና አለ።

«ሕዝቡ አሳዘነኝ። መካኒክ ልላክላቸው እንዴ?»

የተላጠውን እጄን ኪሴ ከትቼ፣ «መካኒኩ አይልፋ፣ ጓድ» አልሁ። «ሰዎቹ እንዳለ ለምደውታል።»